ቁልፉ ዞረ፣ መኪናዋ ግን ዝም አለች

ባለፈው ሳምንት ስለ በረዶ ጎማ የጀመርነውን ጨዋታ ዛሬ እንጨርሳለን ብዬ ነበር። ይቅርታችሁን፤ ጎማውን ለሚቀጥለው አሳድሬዋለሁ። እሑድ ጠዋት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ መኪናዬ ሞተች። ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል ብለው 1,650 ዶላር ጠየቁኝ" አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ቀናት ለዚህ አምድ የሚሆን ነገር ይዘውልኝ መጡ። እሷም "ስሜን ብቻ እንዳትጽፍ" ብላ ፈቅዳልኛለች።

የምትኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ እኔ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሌሊት ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ባለቤቷ ወረቀቱ ገና ስላላለቀ አዲስ አበባ ነው። የአራት ዓመት ልጃቸውን ሌሊቱን የሚያሳድሩላት እዚያው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ሕፃኑ አባባና እማማ ስለሚላቸው እኛም እንደዚያው እንጠራቸዋለን። አምስት ሳንቲም ተቀብለዋት አያውቁም። ያለ መኪናው ሥራው የለም፤ ያለ እነሱ ደግሞ ሥራውም መኪናውም የለም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ የመኪናዋን የውስጥ መብራት ሳታጠፋ ገብታ ተኛች። ማታ ልትወጣ ስትል ባትሪው አልቋል። አባባ በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወረዱ፤ የራሳቸውን መኪና አስጠግተው ኬብል አገናኙ። አልተነሳችም። "ባትሪው ጨርሶ ሞቷል ልጄ" ብለው ኬብላቸውን ጠቅልለው ገቡ። ዓርብ መኪናዋ በጎታች ወደ አንድ ጋራዥ ሄደች። ቅዳሜ "ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል" የሚለው መልስ መጣ። እዚያው ከቆየች በየቀኑ የማቆሚያ እንደሚታሰብ ሲነግሯት እንደገና አስጎትታ ቤቷ ደጃፍ አመጣቻት። ለሁለት ጉተታና ለምርመራው 310 ዶላር ወጥቷል፤ መኪናዋ ግን እንደሞተች ናት።

ስልኩን ሳልዘጋ አንድ ነገር ጠየቅኋት።

"ከመሞቷ በፊት ማን ምን ነካ?"

"ማንም ምንም አልነካም። አባባ ጃምፕ አደረጉልኝ፣ እምቢ አለች፣ በቃ።"

"ጃምፕ ሲያደርጉ ምን አየሽ?"

"ምን አያለሁ ጋሼ፣ ጨለማ ነው፣ ብርድ ነው፣ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ቁልፉን ይዤ ነበር።" ትንሽ ዝም አለችና "ብልጭ ያለ ነገር ነበር መሰለኝ። አባባም እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ" አለች።

ብልጭታው የቱ ጋ፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደነበረ ጋራዡ አልጠየቃትም። እሷም ቁም ነገር አልመሰላትምና አልነገረቻቸውም። እኔ ግን ቴስተሬን፣ አሥር ቁጥር ቁልፌንና የእጅ ባትሪዬን ይዤ ተነሣሁ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ዛሬ የምሠራው ሆቴል ውስጥ የጥገና ክፍል ነው። በወጣትነቴ ግን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ከሚሠሩ አንድ ሰው ሥር ረዳት ነበርኩ። የሰውዬው መሣሪያ አንዲት የፍሬቻ አምፖልና ሁለት ሽቦ ነበረች። አንዱን ሽቦ ማሳ ላይ፣ ማለት የመኪናው ብረት ላይ ያስራሉ፤ በሌላው እየነካኩ ይሄዳሉ። አምፖሏ ከበራች ኤሌክትሪኩ እዚያ ደርሷል፤ ካልበራች ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ ተቋርጧል። እኔ ቸኩዬ ሞተሪኖውን ልፈታ ስል እጄን በካቻቢቴው ጀርባ ይመቱኝ ነበር። ኤሌክትሪኩ የት ድረስ እንደመጣ ሳይታወቅ ዕቃ መፍታት አይፈቀድም።

ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠፋ የምናደርገውን አስቡት። ቧንቧው ባዶ ስለሆነ ቧንቧውን አንቀይርም። ጎረቤት ውሃ አለ ወይ እንላለን፤ ቆጣሪውን እናያለን፤ ሮቶው ሞልቷል ወይ ብለን ጣራ ላይ እንወጣለን። ከምንጩ ተነሥተን ወደ ቤት ነው የምንመጣው። መኪናም ያው ነው፤ ምንጩ ባትሪው ነው።

አሌክሳንድሪያ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ካምሪ ናት። ኮፈኑን ከፍቼ መጀመሪያ በአፍንጫዬ፣ ቀጥሎ በዓይኔ ነው የፈተሽኩት። ኮንታክት ያደረገ መኪና ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሽፋኑ የቀለጠ ሽቦ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ፣ የጠቆረ ነገር ካለ እዚያው ቁሙ፤ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር። እዚህ ሽታው ደብዝዟል፤ ሽቦዎቹም ደኅና ናቸው። የባትሪው ኔጌቲቭ አናት ላይ ግን እርሳሱ ቀልጦ የረጋበት የምስር ፍሬ የምታክል ጠባሳ አየሁ። ምንም አልተናገርኩም።

ቴስተሩ 12.5 ቮልት አለኝ፤ ጋራዡ ቻርጅ አድርጎታል። አርፎ የቆመ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል ማለት ነው። ስለዚህ ምንጩ ውሃ አለው።

"በይ አዙሪው" አልኳት። ቁልፉ ዞረ። ክሩስኮቱ ላይ አንዲት መብራት አልበራችም። ቀጭ የሚል ድምፅ እንኳ የለም።

ይህ ዝምታ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ክሩስኮቱ የሚርገበገብ ከሆነ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ የባትሪ ማሰሪያ ነው። መብራቱ ሁሉ ደኅና ሆኖ አንድ ጊዜ ቋ ብሎ የሚቀር ከሆነ ወደ ሞተሪኖው እንሄዳለን። ሞተሩ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ፣ እሳት ወይም የቁልፍ ጥበቃው ነው። ባትሪው ደኅና ሆኖ ቁልፉ ሲዞር ምንም ነገር ከሌለ ግን ዋናው መስመር የሆነ ቦታ ተበጥሷል።

ክላክሱን ነካሁት። ጮኸ፤ አንድ ሰው በመስኮት ብቅ አለ። አራቱንም ፍሬቻ አንድ ላይ አበራሁ። በሩ። በሮቹ ግን በቁልፏ ሪሞት አይከፈቱም፤ መስኮቶቹ አይወርዱም። እዚህ ላይ ትንሽ ደስ አለኝ። ከባትሪው በቀጥታ የሚመገቡት ይሠራሉ፤ በሌላው መስመር በኩል የሚያልፉት በሙሉ ሞተዋል። አንድ ኮምፒውተር ተቃጥሎ መስኮትም፣ በርም፣ ክሩስኮትም፣ ሞተሪኖም በአንድ ምሽት ይዞ አይሞትም። ሁሉም የሚጠጡበት አንድ ቧንቧ ነው የተቆረጠው።

ታዲያ ጋራዡ ለምን ኮምፒውተር አለ? ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ የቤንዚን መኪኖች ሁሉ ከመሪው በታች ስካነር የሚሰካበት ቀዳዳ አላቸው። ልጁ ስካነሩን ሰካ። ስካነሩ ራሱ ስለበራ ኤሌክትሪክ አለ አለ። ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር ግን አልተነጋገረም፤ ስለዚህ ሞቷል ብሎ ደመደመ። ስካነሩ የሚበራበት መስመርና ኮምፒውተሩ የሚነቃበት መስመር አንድ አይደሉም። የተኛን ሰው ስልክ ደውለህ ስላላነሣ ብቻ አረፈ አይባልም። ኮምፒውተር ተቃጠለ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ጋ 12 ቮልት መድረሱን፣ ማሳውም መያዙን ለክቶ ማሳየት አለበት። ይህን ብትጠይቁ ነውር የለውም። "የለካኸውን ቁጥር ንገረኝ" በሉት፤ የለካ ባለሙያ ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

እሷ በስልኳ እያበራችልኝ ወደ ትንንሾቹ ፊውዞች ሄድኩ። መሪው ሥር ያለው ሳጥን ማለት ነው። ፊውዙን መንቀል አያስፈልግም። ጀርባው ላይ ሁለት የብረት ነጥቦች ብቅ ብለው ይታያሉ። የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ንጹሕ ብረት ላይ አስይዞ በቀዩ ሁለቱንም ነጥቦች መንካት ነው። ሁለቱም 12 ካሉ ፊውዙ ደኅና ነው። አንዱ 12 ሌላው ዜሮ ከሆነ ተቃጥሏል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ፊውዙን አትውቀሱት፤ ኤሌክትሪኩ እሱ ጋ ገና አልደረሰም። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ብለካ ብለካ፣ ዜሮ በዜሮ ነው። ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ቢጫውም። (ቀዩ 10 አምፒር ነው፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30። ይህን ልጆቻችሁም ቢይዙት አይጎዳቸውም።)

ጎንበስ ብዬ ስለካ ነው የልቧን የነገረችኝ።

"ጋሼ፣ አባባ ተቀይረውብኛል።"

"እንዴት?"

"ከሐሙስ ወዲህ ሰላም ሲሉኝ ዓይኔን አያዩኝም። ትላንት ሕፃኑን ሳደርስ እማማ ናቸው የተቀበሉኝ፤ እሳቸው መኝታ ቤት ገቡ። ሰልችቻቸዋለሁ። በዚያ ብርድ ሽማግሌ ሰው ከአልጋ ማስወረዴ ራሱ ልክ አልነበረም። እማማ በአፋቸው አይሉትም እንጂ ሌላ ሰው ፈልጊ ሊሉኝ ነው።" እንባዋ መጣ። "1,650ውን እንኳ ተበድሬ እከፍላለሁ። እነሱን ከየት አመጣለሁ?"

የምስር ፍሬዋን ጠባሳ አስታወስኩ። ቀና ስል ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አንድ ሰው ካፖርት ደርቦ ቆሞ ወደ እኛ ያያል። ሳየው ገባ።

"እስኪ ልጨርስ፣ ከዚያ እናወራለን" አልኳት።

ወደ ሞተሩ ተመለስኩ። ከባትሪው አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ከትንንሾቹ ፊውዞች ጎን፣ በቡሎን የታሰሩ ትልልቆች አሉ። እነዚህ ተስበው አይወጡም። ብዙ ሰው እንደ ዕቃው አካል አይቷቸው ያልፋል፤ ፊውዝ መሆናቸውንም አያውቅም። በእሷ መኪና ላይ ትልቁ 120 የሚል ቁጥር አለው፤ ለዲናሞው ነው። በዚህ መስመር ዲናሞው ያመነጨውን ወደ ባትሪው ይልካል፤ በዚያው በኩል ደግሞ አብዛኛው የመኪናው ውስጥ ክፍል ይመገባል። በአንዱ ጎኑ ነካሁት፤ 12.5። በሌላው ጎኑ፤ ዜሮ። ግልጽ የሆነውን ክዳኑን ባበራበት ውስጡ ጠቁሯል፤ ብረቱም መሀል ላይ ቀልጦ ተለያይቷል።

120 አምፒር የሚሸከም ፊውዝ የውስጥ መብራት ስለተረሳ አይቀልጥም። ሬዲዮ ስለከፈቱ፣ ስልክ ቻርጅ ስላደረጉም አይቀልጥም። እንዲህ የሚሆንበት የታወቀ ምክንያት አለ፤ ኬብል ተገልብጦ ሲገናኝ።

ዲናሞ ውስጥ ዳዮድ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ሥራቸው እንደ አንድ መንገድ በር ነው፤ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋሉ። ባትሪው በትክክል ሲታሰር በሩ ዝግ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲለዋወጥ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የረዳቱ መኪና ባትሪ ጉልበት በሙሉ ያለ ምንም ከልካይ በዚያ በኩል ይሮጣል። ያንን ጎርፍ የሚያስቆመው ትልቁ ፊውዝ ነው። ፊውዝ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ወድቋል፤ ቤቱ ግን ምናልባት አልተዘረፈም።

እዚህ ላይ አንድ ቁጣ አለብኝ። አገር ቤት በልጅነቴ የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ሲጠቀለል፣ ቀጭን ሽቦ ሲታሰርበት አይቻለሁ፤ አድርጌውማለሁ። እዚህም 15 ሲቃጠልበት 30 የሚከት ሰው አለ፤ "ጠንካራውን አደረግሁበት" ይላል። ዘበኛውን አንሥቶ ሽቦውን በቦታው ማቆም ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀልጠው በመኪናው ሆድ ውስጥ፣ ልጆቻችሁ ከሚቀመጡበት ምንጣፍ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ይሆናል። የተጻፈበትን ቁጥር፣ ያንኑ ብቻ።

አዲስ ፊውዝ ከማሰር በፊት ደግሞ ኮንታክቱ አሁንም አለ ወይ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አዲሱም ወዲያው ይሄዳል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅዬ ቴስተሩን ወደ ኦም አዞርኩና ከፊውዙ የሞተ ጎን እስከ ማሳው ለካሁ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ቢመጣ ኖሮ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ አላቅቄ ደግሜ እለካ ነበር። ያኔ ቁጥሩ ከተስተካከለ ዲናሞው ነው የተበላሸው። የእሷ ከዜሮ በጣም የራቀ ነበር። ዳዮዶቹ የተረፉ ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሲለካ ነው የሚታወቀው።

እሑድ ስለሆነና ያንን ዓይነት ፊውዝ አጠገባችን ያለው ሱቅ ስላልነበረው ማታ ሥራ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ከመሄዳችን በፊት ግን ሕፃኑን ይዘን ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። እማማ በሩን ከፈቱ። አባባ ሶፋው ላይ ነበሩ፤ ተነሥተው ጨበጡኝ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነው።

እንዴት ብዬ እንደምጀምር መንገድ ሙሉ ሳስብ ነበር። "ኬብሉን ገልብጠውታል" ማለት ይቻላል፤ እውነት ነው። ግን በስድሳ አምስት ዓመታቸው በዚያ ብርድ ለሰው ልጅ ብለው የወረዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ "አባባ፣ ያንን ኬብልዎን ቢያውሱኝ፤ የእኔ ጠፍቶብኛል" አልኳቸው።

ምንም ሳይናገሩ ከቁም ሳጥን አወጡት። የድሮ ኬብል ነው፤ ሁለቱም ሽቦ ጥቁር። መለያው በመቆንጠጫዎቹ ላይ የተጠቀለለ ቀይ ፕላስተር ነበር። በአንደኛው ጫፍ አለ፤ በሌላኛው ጫፍ ተልጦ ወድቋል። በቀን ብርሃን ለእኔም ያሳስተኛል።

አየሁት፤ እሳቸውም እንዳየሁት አዩ። ከዚያ ቁጭ አሉና ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ተናገሩ። "እኔ ነኝ ልጄ። ሳያይዘው እሳት ተፋ። የዚያኑ ሌሊት ገባኝ። ጠዋት ልነግርሽ ስል መኪናውን ወሰዱት። ከዚያ 1,650 ሲሉ እማማ ነገረችኝ። ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ ብዬ… ፊትሽን ማየት አቃተኝ።"

እሷ መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ቆይታ "ሰልችቼዎት አይደለም?" አለች።

"ማን? አንቺ?" አሉ እማማ ከወጥ ቤት፣ በቁጣ።

ያንን ምሽት ሥራ ያደረስኳት ሃያ ደቂቃ አርፍዳ ነው።

ሰኞ ፊውዙን ገዛሁ፤ ሃያ ዶላር አይሞላም። ማሰሩ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሳጥኑን ከቦታው ማላቀቅ፣ ከሥሩ ያሉትን ቡሎኖች በጠባብ ቦታ መፍታት፣ አንዷ ቡሎን ወድቃ ሞተሩ ሥር ስትደበቅ ተጋድሞ መፈለግ። አባባ ከጎኔ ቆመው ያበሩልኛል። ከዚህ ሥራ ልትይዙት የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው። ሲፈታ ኔጌቲቩ ቀድሞ ይነቀላል፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይገባል። ኔጌቲቩ ታስሮ እያለ ፖዘቲቩን የምትፈቱበት ቁልፍ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት ነው። ኔጌቲቩ ከተነቀለ ግን ቁልፉ ቢነካም ምንም አይሆንም። ቀለበትና የእጅ ሰዓትም ይውለቅ፤ በቀለበት ምክንያት ጣቱ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

"በሉ አባባ፣ እርስዎ ያዙሩት" አልኳቸው። እምቢ አሉ። ሁለተኛ ስለምናቸው ገብተው ተቀመጡ፤ ቁልፉን እንደ እንቁላል ያዙት። ክሩስኮቱ በራ። ሞተሩ ዞረ፤ ተነሣ። ኮምፒውተሩ አለ፤ ስንት ቀን ተኝቶ ነበር እንጂ።

ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14.1 ለካሁ። ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። 12 ላይ ተገትሮ ቢቀር ኖሮ ዳዮዶቹ ሄደዋል ማለት ነበርና ወጪው ሌላ ይሆን ነበር። የተጎዳ ዳዮድ ሌሊት ባትሪ የሚመጥበት ጊዜም ስላለ ማክሰኞ ጠዋት ሳትነሣ በፊት እንድትለካ ቴስተሩን ትቼላት ሄድኩ። 12.5 ብላ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ።

ጃምፕ ስለማድረግ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አባባም ሠላሳ ዓመት ሲያደርጉት ኖረዋል። ቢሆንም ልድገመው። ሁለቱ መኪኖች አይነካኩ። ቀዩ መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በደኅናው ፖዘቲቭ። ጥቁሩ በደኅናው ኔጌቲቭ፤ የመጨረሻው ጫፍ ደግሞ ባትሪው ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተው መኪና ሞተር ባዶ ብረት ላይ። የመጨረሻው ንክኪ ትንሽ ብልጭታ ስላለው፣ ባትሪ ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ነው። የኬብሉን ቀለም አትመኑ፤ ባትሪው ላይ የተቀረጸውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት በብርሃን እዩ። ነጭ ዝቃጭ ከሸፈነው ጥረጉት። ምልክቱ ካልታየ አለማድረግ ነው፤ ጎታች ይሻላል። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ብርቱካንማ ሽፋን ያለውን ሽቦ በምንም ምክንያት እንዳትነኩ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ፣ እዚያ ሙቀቱ ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል፤ እኛ ጋ ያረጀው ባትሪ ደካማነቱን የሚያጋልጠው ብርዱ ነው። የእሷም ባትሪ አርጅቶ ነበር፤ እንጂ ለአንዲት የውስጥ መብራት በአንድ ቀን ባልወደቀ። ማክሰኞ አስቀየርናት።

ለአባባ አዲስ ኬብል ገዛሁላቸው፤ ቀዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ፣ ጥቁሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር። አሮጌውን ልጥለው ብል አልሰጥም አሉ፤ ፕላስተር ገዝተው ጠቅልለውታል። 310ሩን ዶላር እኔ ነኝ የምከፍለው ብለው ፖስታ ይዘው መጥተው ነበር፤ እሷም የሕፃኑን የስንት ወር ማሳደሪያ ልትከፍላቸው እንደሚገባ ቁጭ ብላ አስልታ ስታሳያቸው ፖስታውን መልሰው ወሰዱ።

አሁን የቀረው ሬዲዮው ነው። እሱም በዚያው ሌሊት ሞቷል። ፊውዙን ቀየርኩለት፤ 12 ቮልት ድረስ ይመጣለታል፤ እሱ ግን አይናገርም። ይህኛው እውነትም የተቃጠለ ይመስለኛል። አባባ ከአንድ የድሮ ዕቃ ሻጭ ተመሳሳዩን አግኝተው ገዝተውላታል፤ ቅዳሜ ክሩስኮቱን አብረን ልንፈታው ተቀጣጥረናል። ኔጌቲቩን የምነቅለው ግን እኔ እንደሆንኩ ከወዲሁ ተስማምተናል።